ለጀማሪ የትራፕ ተኳሽ የሾትገን አመራረጥና ከሰውነት ጋር አለካክ

ትራፕ፣ መሬት ላይ ከተሠራ ዝቅተኛ ቤት ውስጥ በማሽን እየተወነጨፈ የሚወጣን የሸክላ ዒላማ በአየር ላይ እንዳለ በሾትገን፣ በአገራችን አጠራር ረሽ የተባሉ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ በሚተፋው በረሽ ጠመንጃ፣ የመምታት ስፖርት ነው። በአሜሪካ ደንብ በሚካሄደው ጨዋታ ጀማሪው ከማሽኑ ቤት 16 ያርድ፣ ማለትም 14.6 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ርቆ ይቆማል፤ በቅስት ከተሰለፉት 5 መቆሚያዎች በእያንዳንዱ ላይ 5 ዒላማ እየተኮሰም በአንድ ዙር 25 ዒላማ ይጨርሳል። ዒላማው ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሳህን ነው። በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ እየፈጠነ፣ ከፍ እያለና ከተኳሹ እየሸሸ ይሄዳል፤ ወደ ግራ ይሂድ ወደ ቀኝ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 የሸክላውን ዒላማ ከማስተዋወቁ በፊት ከሣጥን የሚለቀቁት ሕይወት ያላቸው ርግቦች ነበሩ። ትራፕ የሚለው ስም ከዚያ ሣጥን የመጣ ሲሆን፣ ዛሬም ተኳሹ ዒላማ ሲፈልግ «ፑል» ብሎ የሚጣራው የሣጥኑ ገመድ ይሳብልኝ ይባልበት ከነበረው ጊዜ የቀረ ልማድ ነው።

ለዚህ ስፖርት ጠመንጃ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በአገራችን ምንሽር ወይም ክላሽ የተኮሰ ሰው ሁለት ማነጣጠሪያ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ ማገጣጠም የለመደ ነው። ሾትገን ግን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም። የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው። ዓይኑ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ጉንጩ የሚያርፍበት ሰደፍ ስለሆነ፣ ሰደፉ ከሰውነቱ ጋር ያልተስማማለት ሰው የኋላ ማነጣጠሪያው በተጣመመ ጠመንጃ እንደሚተኩስ ሰው ይሆናል። ስለዚህ የጠመንጃው ስምና ዋጋ ከልኩ ቀጥሎ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው። የመጀመሪያ ቀን የተኮስኩት ከወዳጄ በተዋስኩት፣ ለአደን በተሠራና ሰደፉ ወደ ታች በወረደ ጠመንጃ ነበር። ከ25 ዒላማ 6 ብቻ ሰበርኩ፤ ጉንጬም ለሦስት ቀን ጠቁሮ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አረጋዊ አሠልጣኝ ጥቂት ሲመለከቱኝ ቆዩና ምንም ሳይናገሩ ከኪሳቸው ተለጣፊ ስፖንጅ አውጥተው በሰደፉ ጀርባ ላይ በሁለት ድርብ ለጠፉልኝ። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በዚያው ዙር 14 ሰበርኩ። እኔ ያው እኔ ነበርኩ፤ ጠመንጃውም ያው ጠመንጃ ነበር።

ከመግዛት በፊት

በአሜሪካ ለሚኖር ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ሕጋዊ መብቱን ማረጋገጥ ነው። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሾትገን የሚሸጠው ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ሰው ሲሆን፣ ገዢው ቅጽ 4473 የሚባለውን ሰነድ ሞልቶ የኋላ ታሪኩ ይጣራል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ መግዛት ይችላል። በጎብኚ፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ የገባ ሰው ግን በመርሕ ደረጃ ጠመንጃም ሆነ ጥይት መያዝ የተከለከለ ነው። ሕጉ እንደ ጸና የአደን ፈቃድ ያሉ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም፣ ክልከላው መግዛትን ብቻ ሳይሆን መያዝንም ስለሚጨምር ተኩስ ሜዳ ላይ ለአንድ ሰዓት መከራየት እንኳ ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል። የመኖሪያ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ጠበቃውን ሳያማክር ጠመንጃ ባይነካ ይመረጣል። ከዚህ በተጨማሪ ግዛቶች የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ለምሳሌ በኢሊኖይ የጠመንጃ ባለቤት መታወቂያ ካርድ ያስፈልጋል።

መብቱ ያለው ሰውም ቢሆን በመጀመሪያው ወር ባይገዛ እመክራለሁ። የሕዝብ የሆኑ የሸክላ ዒላማ ሜዳዎች አሉ፤ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ በሴንተርቪል ቨርጂኒያ የሚገኘው የቡል ረን ተኩስ ማዕከልና በግሌን ዴል ሜሪላንድ ያለው የፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ የትራፕና ስኪት ማዕከል ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአቅራቢያዎ ወዳለው ሜዳ ይሂዱ፣ የሚከራይ ጠመንጃ መኖሩን ይጠይቁ፣ ከተቻለም ሦስት ወይም አራት ዓይነት ሞክረው የትኛው ትከሻዎ ላይ ያለ ጭንቅ እንደሚያርፍ ያስተውሉ። በሜዳው ያሉ ነባር ተኳሾች አብዛኛውን ጊዜ ለጀማሪ ደግ ናቸው፤ በአክብሮት ከጠየቋቸው የራሳቸውን ጠመንጃ የሚያስሞክሩም አይጠፉም።

የሚመራውን ዓይን ማወቅ

ከጠመንጃ በፊት ዓይን ይመረመራል። ሁለቱን እጆችዎን ወደ ፊት ዘርግተው በመዳፎችዎ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ያብጁ፤ ሁለቱንም ዓይን እንደ ከፈቱ በቀዳዳው ውስጥ ሩቅ ያለ አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የበር እጀታ ይመልከቱ። ከዚያ አንድ ጊዜ ግራ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እጀታውን በቀዳዳው ውስጥ እንደ ያዘ የሚቀረው ዓይን መሪው ነው። ፈተናውን ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት።

በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው መሪ ዓይኑ ቀኝ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። መሪው ግራ ከሆነ ግን በቀኝ ትከሻው ይዞ ሁለቱን ዓይን ከፍቶ ሲተኩስ ጠመንጃውን የሚመራው ከጠመንጃው ጋር ያልተሰለፈው ዓይን ስለሚሆን፣ ለምን እንደሚስት ሳይገባው ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በግራ ትከሻ መተኮስን ከመጀመሪያው መልመድ ሲሆን፣ የቆየ ልማድ ለሌለው ጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ሁለተኛው በመከላከያ መነጽሩ የግራ መስታወት ላይ፣ ጠመንጃው በተያዘ ጊዜ ልክ በዓይን ብሌን ፊት በሚውለው ቦታ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ግርዶሽ መለጠፍ ነው። አንድ ዓይን ጨፍኖ መተኮስ የተለመደ ቢሆንም ዒላማው ከቤቱ ሲወጣ ቶሎ የማየት ችሎታን ይቀንሳል። ውሳኔው መቅደም ያለበትም በምክንያት ነው፤ ለቀኝ ትከሻና ለግራ ትከሻ የሚሠራ ሰደፍ አንድ አይደለም።

የጠመንጃው ዓይነት

ለጀማሪ የሚመከረው 12 ጌጅ ነው። ጌጅ የሚባለው ቁጥር የበርሜሉን ስፋት የሚያክሉ ስንት ድቡልቡል የእርሳስ ጥይቶች ከአንድ ፓውንድ እርሳስ እንደሚወጡ የሚያመለክት ስለሆነ ቁጥሩ ሲያንስ በርሜሉ ይሰፋል፤ የ12 ጌጅ ስፋት 18.5፣ የ20 ጌጅ ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 20 ጌጅ ምቱ፣ ማለትም በተኩስ ጊዜ ትከሻን የሚገፋው ኃይል፣ ቀለል ይላል ተብሎ ለሴቶችና ለወጣቶች ሲሰጥ ይታያል። ነገር ግን ጠመንጃው ራሱ ቀላል ስለሆነ የሚገኘው እፎይታ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ከባድ 12 ጌጅ በቀላል ጥይት መተኮስ ለብዙ ሰው ይሻላል።

በአሠራር ረገድ አራት ምርጫዎች በሜዳው ላይ ይበዛሉ። ከመሐሉ የሚሰበር፣ አንዱ በርሜል ከሌላው በላይ የተደራረበበት ባለ ሁለት ጠመንጃ፣ እንደ ብራውኒንግ ሲቶሪና ቤሬታ 686 ያለው፣ ተከፍቶ ሲያዝ ባዶ መሆኑን ሁሉም ሰው ከሩቅ ያየዋል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ባለ አንድ በርሜሉ ብራውኒንግ ቢቲ-99 ለትራፕ ብቻ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሁለት ዒላማ በአንድ ጊዜ ለሚወጣበት ጨዋታ ግን አይሆንም። በጋዝ ኃይል ራሱን የሚያጎርሰው፣ እንደ ሬሚንግተን 1100 ያለው፣ የተኩሱን ግፊት ስለሚያለዝብ ትከሻው ለሚሳሳ ሰው ጥሩ ነው፤ ቀለሁን ወደ ቀኝ ስለሚወረውር ጎረቤት ተኳሽን እንዳይመታ ቀለህ መያዣ ይገጠምለታል፣ ማጽዳትም አዘውትሮ ይፈልጋል። እንደ ሬሚንግተን 870 ያለው በእጅ እየተጎተተ የሚያጎርሰው ርካሹ ነው፤ ነጠላ ዒላማ ላይ አንድ ጥይት ብቻ ስለሚጎረስ አሠራሩ አያግድም፣ ሆኖም ምቱን የሚያለዝብለት ነገር የለውም።

ክብደት በአደን ጠላት ቢሆንም በትራፕ ወዳጅ ነው። ከ3.6 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ምቱን ይውጣል፤ ሲወዛወዝም ሳይቆራረጥ ይሄዳል። በርሜሉ ለሚሰበረው ዓይነት 30 ወይም 32 ኢንች፣ ማለትም 76 ወይም 81 ሴንቲ ሜትር፣ ራሱን ለሚያጎርሰው ደግሞ 28 ወይም 30 ኢንች ቢሆን ይበቃል። ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፤ የበርሜሉን ውስጥ በብርሃን አይተው ጉብታና ዝገት አለመኖሩን፣ ሲከፈትና ሲዘጋም መላላት አለመኖሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ያረጋግጡ።

ሰደፉን ማስማማት

ይህ ክፍል ከሁሉ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። ማንኛውንም ልኬት ከመጀመርዎ በፊት ጠመንጃውን ከፍተው ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ ጥይት ልኬቱ በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ አይኑር። በክረምት ለብሰው የሚተኩሱበትን ልብስም ይልበሱ፤ በሸሚዝ የተለካ ሰደፍ በጥር ወር ወፍራም ጃኬት ሲለበስ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንደ ረዘመ ይቆጠራል።

መጀመሪያ ርዝመት ነው። የሚለካው ከምላጩ መሐል እስከ ሰደፉ ጫፍ ድረስ ሲሆን፣ የፋብሪካ ትራፕ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 36.5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ሰደፉን በክርን መታጠፊያ ላይ አስደግፎ ጣት ምላጭ ጋ ከደረሰ ልኩ ነው የሚለው በየሱቁ የሚሰማ ምክር የአንገትን ርዝመትና የትከሻን ስፋት ስለማያይ አያስተማምንም። የተሻለው ዘዴ ጠመንጃውን እንደሚተኩሱ አድርገው ትከሻዎ ላይ ማሳረፍና በአፍንጫዎና ሰደፉን በጨበጠው እጅ አውራ ጣት መካከል ያለውን ክፍተት ማየት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ቢያስገባ ደግ ነው። ከዚያ ካነሰ በተኩስ ጊዜ አውራ ጣትዎ አፍንጫዎን ይመታል። ሰደፉ ሲነሣ ብብት ሥር ልብስ እየያዘ የሚያስቸግር ከሆነ ረዝሟል። የትከሻ ጎማውን በወፍራም ወይም በቀጭን መለወጥ፣ ወይም ቀጫጭን ማስገቢያ መጨመር አብዛኛውን ችግር ይፈታል። አጭር ቁመት ላለውና ለወጣት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሰደፍ ይገኛል፤ የአዋቂ ሰደፍ ሰጥቶ «ይለምደዋል» ማለት ልጁን ከስፖርቱ ማባረር ነው።

ቀጥሎ ቁመት ነው፤ ውጤትን ከሁሉ በላይ የሚለውጠውም ይህ ነው። ጉንጭ የሚያርፍበት የሰደፉ ጀርባ ዝቅ ካለ ዓይን የሚያየው የጠመንጃውን አካል ብቻ ይሆናል፤ ዒላማውን ለማየት ሲባል ጭንቅላት ይነሣል፣ የተነሣ ጭንቅላት ደግሞ ተኩሱን ወዳልታሰበበት ይሰደዋል። ለመፈተን ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ትከሻዎ ላይ ያሳርፉ፣ ጉንጭዎን ሳያስጨንቁ ግን በደንብ ያስደግፉ፣ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ። በብዙ ትራፕ ጠመንጃዎች ላይ ሁለት ዶቃዎች አሉ፤ አንዱ በበርሜሉ ጫፍ፣ ሌላው መሐል ላይ። የፊተኛው ዶቃ በመሐለኛው ራስ ላይ ቁጢጥ ብሎ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ቢሠራ ቁመቱ ለጀማሪ ተስማሚ ነው። የፊተኛው ከመሐለኛው ጀርባ ከተደበቀ ሰደፉ ዝቅ ብሏል፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት ከታየ ደግሞ ከፍ ብሏል።

የጉንጭ ማሳረፊያው በብሎን ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ የሚል ጠመንጃ ማግኘት ከቻሉ ተጨማሪው ገንዘብ አያስቆጭም። ካልቻሉ በእኔ ላይ እንደ ተደረገው ተለጣፊ ስፖንጅ ከላይ ለጥፎ መሞከር ይቻላል። ሲያስተካክሉ ግን በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ከዓይን እስከ በርሜሉ ጫፍ ያለው ርቀት አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጉንጭን በ3 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ በ36 ሜትር ርቀት ላይ የተኩሱን ማረፊያ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም የዒላማውን ሙሉ ስፋት የሚያክል ነው።

የጎን ልክ ደግሞ በመስታወት ይታያል። ከኋላው ሰው በሌለበት ግድግዳ ላይ ባለ መስታወት ፊት ቆመው፣ ባዶነቱ ዳግም የተረጋገጠውን ጠመንጃ አንሥተው ወደ ራስዎ ዓይን ምስል ያመልክቱ። የዓይንዎ ብሌን በበርሜሉ ጀርባ መሐል ላይ ልክ እንደ ተቀመጠ መታየት አለበት። ፊታቸው ሰፋ ያለ የቀኝ ተኳሾች ብሌናቸው ወደ ግራ ሸሽቶ ያገኙታል፤ ለእነርሱ ሰደፉ በትንሹ ወደ ቀኝ መዘንበል ይኖርበታል። ለዚህ ፈተና ሰውን ከፊት አቁሞ ወደ እርሱ ማመልከት ፈጽሞ አይደረግም።

በመጨረሻ የሰደፉ ጫፍ ማዕዘን አለ። ጎማው ከላይ እስከ ታች እኩል ትከሻውን መንካት ይገባዋል። የታችኛው ጫፍ ብቻ ደረት ላይ የሚወጋ ከሆነ፣ በተለይ በሴቶች ላይ ይህ ሕመም ያስከትላል፤ በጎማውና በእንጨቱ መካከል ከላይ በኩል ቀጭን ሽብልቅ ማስገባት ያስተካክለዋል። እንጨት መቁረጥ የሚጠይቅ ሥራ ከሆነ ግን ለባለሙያ ይስጡት፣ የተቆረጠ ሰደፍ አይመለስምና።

በወረቀት ላይ ማረጋገጥ

ልኩ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በወረቀት ነው። ሜዳው በሚፈቅደው ቦታ ከአንድ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው ወረቀት ይሰቀልና መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይደረጋል። መጀመሪያ ከ13 ያርድ፣ ማለትም ከ12 ሜትር ገደማ ሆነው በጠባብ ቾክ፣ ማለትም በበርሜሉ ጫፍ በሚገጠም ማጥበቢያ፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ወደ አንድ ነጥብ ይተኩሱ። ጠመንጃውን ለማነጣጠር ሳይጨነቁ፣ በሜዳ እንደሚያነሡት ያንሡት። በዚህ ርቀት የሚታየው ልዩነት በ40 ያርድ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ የረሹ መሐል ከነጥቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ በ40 ያርድ 7.5 ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። የትራፕ ዒላማ ወደ ላይ እየወጣ ስለሚሄድ በ40 ያርድ ከነጥቡ በላይ ከ7 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማረፉ ተገቢ ነው፤ ዒላማውን ሳይሸፍኑ ከሥሩ እያዩት መስበር የሚቻለው በዚህ ነው። ከነጥቡ በታች ወይም ወደ ጎን ካረፈ ግን ወደ ጉንጭ ማሳረፊያው ይመለሱ።

ከዚያ በ40 ያርድ፣ 36.5 ሜትር ላይ፣ የረሹ ስርጭት ይታያል። ቾክ የሚመዘነው 76 ሴንቲ ሜትር ወርድ ባለው ክብ ውስጥ ስንት በመቶ ረሽ እንደሚያስገባ ተቆጥሮ ነው፤ ፉል የሚባለው 70፣ ሞዲፋይድ የሚባለው 60 በመቶ ያህል ያስገባል። ነባሮቹ ፉል ይመርጣሉ። እኔ ግን ከ16 ያርድ ለሚጀምር ሰው ሞዲፋይድ፣ ወይም በሁለቱ መካከል ያለውን ኢምፕሩቭድ ሞዲፋይድ እመክራለሁ፤ ትንሽ ሰፋ ያለ ስርጭት የጀማሪን ትንሽ ስሕተት ይቅር ይላል።

ጥይትና የመጀመሪያው ዙር

70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ አንድ አውንስ ማለትም 28 ግራም እርሳስ የያዘ፣ የፍሬው መጠን ቁጥር 8 ወይም 7½ የሆነ ረሽ ያለበት ቀላል የዒላማ ጥይት ይግዙ። ደንቡ እስከ 1⅛ አውንስ ቢፈቅድም ለመጀመሪያው ወር አያስፈልግም፤ ምት የፈራ ሰው ምላጭ ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፣ ይህን ልማድ ማስለቀቅ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንደ ቀላል እንዳይታይ እለምናለሁ። የ20 ጌጅ ጥይት ስሕተት ተፈጽሞ 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ወደ ፊት ሾልኮ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል። ከኋላው የ12 ጥይት ጎርሶ ከተተኮሰ በርሜሉ በግራ እጅ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ በልማድ ቢጫ የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱን ጥይቶች በአንድ ኪስ ወይም በአንድ ቦርሳ ውስጥ አይያዙ። ተኩሱ ያልተለመደ የደከመ ድምፅ ካሰማም ሌላ ጥይት ከማጉረስዎ በፊት ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በርሜሉን ይመልከቱ።

ሜዳ ላይ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያድርጉ። ጠመንጃው መቆሚያው ላይ እስኪደርሱ ተከፍቶና ባዶ ሆኖ ይቆይ፤ ጥይት የሚጎረሰው ተራዎ ሲቃረብ፣ አፈሙዙ ወደ ሜዳው እያየ፣ አንድ ብቻ ነው። ከአንዱ መቆሚያ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩም ይክፈቱት። ጠመንጃውን መጀመሪያ ወደ ጉንጭ፣ ቀጥሎ ወደ ትከሻ ያምጡት፤ ጭንቅላትዎን ወደ ሰደፉ አይስደዱ። ዓይንዎ ዶቃው ላይ ሳይሆን ዒላማው ላይ ይሁን፤ ጠመንጃው ከተተኮሰ በኋላም መንቀሳቀሱን አያቋርጥ።

ከሦስት አራት ዙር በኋላ የአያያዝ ልማድዎ ስለሚረጋ፣ አንገትዎም ስለሚላላ፣ የዶቃዎቹን ፈተናና የ12 ሜትሩን ወረቀት ይድገሙ። የጉንጭ ማሳረፊያው የቆመበትን ከፍታ በሚሊ ሜትር ለክተው ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ፤ ብሎኑ በምት ብዛት ሲላላ ወደ ነበረበት የሚመልሰው ያ ቁጥር ነው።